ሲያወጡ ሲያወርዱ ማደር

«ሲስተር፣ ሐሳብ በዝቶብኛል።» ሐዋሳ ውስጥ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ብዙ ሰው ከፊቴ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚናገረው ይህን ነው። እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ለራስ ምታቱ ማስታገሻ ወስዷል፤ ለጨጓራው ሽሮፕ ጠጥቷል፤ ልቡ ድው ድው ስለሚልበት ደም ግፊቱን ተለክቷል። «ምንም አልተገኘብህም» ሲባል ግራ ተጋብቶ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ይላካል። በሩ ላይ የተጻፈውን አንብቦ የሚመለስም አለ። የሚገባው ሰው ግን «ድብርት ይዞኛል» ብሎ አይጀምርም። ሐሳብ ነው የሚለው።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፤ ያደግሁትም እዚሁ ሐዋሳ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ አንድ ቃል ነው፤ ሰዎች ሲናገሩት እንደ ተራ ወሬ ስለሚታለፍባቸው።

በአማርኛ ሐሳብ የሚከበር ነገር ነው። ሽማግሌ ሐሳብ ይጠየቃል፣ በስብሰባ ሐሳብ ይሰጣል፣ ለሰው የሚጨነቅ ሰው «አሳቢ ነው» ተብሎ ይመሰገናል። ያው ቃል «ሐሳብ ገባኝ»፣ «ሐሳብ ይዞኛል»፣ «በሐሳብ አለቀች» ሲባል ሕመም ይሆናል። ስናጽናናም «አታስቢ» እንላለን። አትጨነቂ ማለታችን ነው፤ ለሰሚዋ ግን ማሰብሽን አቁሚ እንደሚል ትእዛዝ ይደርሳታል።

ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ወጣቶች «ኦቨርቲንክ አደርጋለሁ» ይሉኛል። ቃሉን አልጠላውም፤ «ሐሳብ ገደለኝ» ለማለት የሚያፍር ልጅ በዚህ ቃል ተከልሎ ወደ ጉዳዩ ይገባል። የሚያሳዝነኝ አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል ያጣ መስሏቸው ሲናገሩ ነው። መብሰልሰል አለ፣ መብከንከን አለ፣ መብሰክሰክ አለ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ተንቀጠቀጠ፣ ተርገበገበ፣ ተብለጨለጨ፣ ተቅበዘበዘ ስንል የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ይደጋገማሉ፤ ድርጊቱ ራሱ የሚደጋገም ነውና። ተብሰለሰለ፣ ተብከነከነና ተብሰከሰከም የተሠሩት በዚያው መንገድ ነው። ቋንቋችን ሕመሙን በሚገባ አይቶታል፤ ያው ሐሳብ ደግሞ ደጋግሞ የሚመጣ መሆኑን ከቃሉ አሠራር ውስጥ አስገብቶታል።

እነዚህ ቃላት አንድ አይደሉም። ክፍሌ ውስጥ ስሰማቸው ለያይቼ እይዛቸዋለሁ። የሚብከነከን ሰው ብዙውን ጊዜ ያመለጠውን ነገር ይዞ ነው፤ የተበላበትን ገንዘብ፣ ያልመለሰውን ስድብ፣ ያልተማረውን ትምህርት። የሚብሰለሰለው ደግሞ ገና ያልመጣውንም ያለፈውንም ቀላቅሎ፣ በሰለ የሚለው ግስ ውስጡ እንዳለ ሁሉ፣ ቀስ ባለ እሳት ውስጥ ውስጡን ይነድዳል። የሚቆዝም ሰው ዝም ይላል፤ ጠይቀኸውም መልሱ ይዘገያል። ሲያወጣ ሲያወርድ የሚያድረው ያስባል፣ ያመዛዝናል፣ ይወስናል፣ ንጋት ላይ ውሳኔውን ያፈርሳል። ከእነዚህ አጠገብ ደህና የሆኑ ቃላትም አሉ፤ ማሰላሰል፣ ማብላላት፣ ማውጠንጠን። ማውጠንጠንም ፊደሉ ይደጋገማል፤ ግን ያውጠነጠነ ሰው ዞሮ ዞሮ አንድ ዕቅድ ይዞ ይነሣል። ስለዚህ የምጠይቀው ምን ያህል ሰዓት እንዳሰበ አይደለም። «ትናንት ማታ ያሰብሽው ዛሬ ጠዋት ምን አስደረገሽ?» እላለሁ። «ምንም» የሚል መልስ ከመጣ፣ ያውም ለሳምንታት ከሆነ፣ ሕመሙን አገኘሁት ማለት ነው።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠሮች ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ወደዚህ ከተማ መጥተዋል። አብዛኞቹ ከእናታቸው ቤት ወጥተው ሲኖሩ የመጀመሪያቸው ነው። ወደ እኔ የሚመጡት የሚነግሩኝ ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ማንም ተለይቶ እንዳይታወቅ ቀላቅዬ አንዲቷን ልሳል። ሦስት ሆነው በተከራዩት አንድ ክፍል ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግታ ተኝታለች። ሁለቱ ጓደኞቿ ተኝተዋል። እሷ ሱፐርቫይዘሩ ቀን የተናገራትን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዛለች። ምን ማለቱ ነው? ሊያስወጡኝ ነው? ከወጣሁ የኪራዩን ድርሻ ማን ይከፍላል? አባቴ ለማዳበሪያ ላኪ ብሎኛል። ባዶ እጄን ብመለስ ሰፈሩ ምን ይላል? እንዲያውም መጀመሪያ ባልመጣ ይሻል ነበር። ታዲያ እዚያ ብቀር ይድሩኝ አልነበር? እንደገና ወደ ሱፐርቫይዘሩ ዓረፍተ ነገር ትመለሳለች። ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፤ ንጋት ላይ ሰርቪስ መያዝ አለባት። ያልተኛች ልጅ ስፌት ማሽን ላይ ስትቀመጥ እጇ ይሳሳታል፤ ሱፐርቫይዘሩ ይቆጣል፤ ማታ የምታብሰለስለው ሌላ ዓረፍተ ነገር ተገኘ።

ስጋቷ ባዶ ፍርሃት ነው እንዳትሉ። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል ስትሰርዝ ከፓርኩ የወጡ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ሥራቸውን ያጡ ልጆችም ነበሩ። ይህን የምለው ለአንድ ነገር ነው። ሐሳብ የበዛበትን ሰው «በከንቱ ነው የምትጨነቂው» ማለት ብዙ ጊዜ ሐሰት ነው። ጭንቀቱ ምክንያት አለው። የታመመው ሐሳቡ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ደክማ አንዲትም እርምጃ አልተራመደችም።

ይህን በጥናት ካሳዩት አንዷ ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነች። እ.ኤ.አ. በ1989 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ እሷና ባልደረባዋ ከአደጋው 14 ቀናት ቀደም ብለው የ137 የስታንፎርድ ተማሪዎችን ስሜትና በተከፉ ጊዜ የሚያደርጉትን ነገር በመጠይቅ መዝግበው ነበር። መንቀጥቀጡ ያልታሰበ ፈተና ሆነላቸው። ከ10 ቀናትና ከሰባት ሳምንታት በኋላ ተማሪዎቹን ዳግመኛ ሲጠይቋቸው፣ አስቀድሞም ሐዘናቸውን እያገላበጡ የመቀመጥ ልማድ የነበራቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ተደብረው አገኟቸው። ለዚህ ልማድ የሰጡት ስም ሩሚኔሽን ነው፤ ከላቲን የመጣ ሲሆን ማመስኳት ማለት ነው። ከብት የበላውን ሣር ከሆዱ መልሶ የሚያኝከው ነገር። ገጠር ያደጉ ታካሚዎቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ወዲያውም «ላሟ እኮ መልሳ ስታኝከው ይፈጭላታል» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ልዩነቱ እሱ ነው።

«አታስቢ» የሚለው ማጽናኛ ለምን እንደማይሠራም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዘዟቸው፤ ካሰቡ ደወል ይደውሉ ተባለ። ደወሉ ተደጋገመ። የባሰው ግን ቀጥሎ መጣ፤ እገዳው ተነሥቶ አሁን አስቡ ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው ከተፈቀደላቸው ሰዎች ይበልጥ ድቡን አሰቡ። አእምሮ አንድን ሐሳብ እንዳይገባ ሲጠብቅ፣ ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ ያንኑ ሐሳብ ይፈልገዋል። እናት ለልጇ፣ ባል ለሚስቱ ከልብ በመነጨ ፍቅር «አታስቢው» ሲሉ ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል።

አንድ ሌላ እምነት ላንሣ፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስቸግረኝ እሱ ነው። «ብዙ አስቦ አበደ»፣ «ትምህርት በዝቶበት ነው ጭንቅላቱ የተነካው» ይባላል። በየሰፈሩ በጣም ጎበዝ ተማሪ የነበረ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አሞት የተመለሰ አንድ ልጅ ስለሚታወቅ ሰው ይህን በዓይኑ ያየው ያህል ያምነዋል። እውነቱ እንዲህ ነው። ስኪዞፍሬኒያን የመሳሰሉ ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ባለው ዕድሜ ነው። ይህ ዕድሜ ልጆቻችን ብሔራዊ ፈተና የሚፈተኑበትና ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት ዕድሜ ነው። ሕመሙና መጽሐፉ በአንድ ወቅት ስለተገናኙ መጽሐፉ ተወቀሰ። ማንበብ አያሳብድም። እምነቱ ሁለት ጉዳት ያደርሳል፤ በአንድ በኩል በእርግጥ የታመመው ልጅ «ንባብ ይተው፣ ይረፍ» ተብሎ ሕክምናው ይዘገያል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሐሳብ የበዛበት ጤነኛ ሰው «ላብድ ነው» ብሎ በሐሳቡ ላይ ሌላ ሐሳብ ይጨምራል። ክፍሌ ውስጥ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቀው ጥያቄ «ሊያሳብደኝ ነው?» የሚለው ነው። አይደለም እላለሁ። በግልጽ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ ደግሜ እላለሁ።

ጫቱንም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ጫት የሚበቅልበት ወንዶ ገነት ቅርባችን ነው። ከሰዓት በኋላ ሲቅም የዋለ ወጣት በምርቃናው ሰዓት ሐሳብ ይጎርፍለታል፤ ንግዱ ይከፈታል፣ ቤቱ ይሠራል። ማታ ምርቃናው ሲለቅ ያው ጎርፍ አቅጣጫውን ቀይሮ ይመጣል፤ እንቅልፍም የለም። ያንን ለመስበር ወደ መጠጥ፣ ወደ ጨብሲ ይወጣል፤ በጨብሲ የመጣ እንቅልፍ ደግሞ ሌሊት ላይ ይሰበራል። «ሐሳብ አላስተኛኝ አለ» ለሚለኝ ሁሉ ጫትና ቡናውን በስንት ሰዓት እንደሚወስድ እጠይቃለሁ። ሲዳማ ምድር ላይ ቡና ተው ብዬ አልመክርም፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ አትጠጡ ማለት ግን እችላለሁ።

«ሐሳብ በዛብኝ» ማለት የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ዳሰሳ በተለያዩ የዓለም ክፍሎች «ብዙ ማሰብ»ን እንደ ሕመም የሚገልጹ 138 የጥናት ጽሑፎችን አሰባስቦ መርምሯል። ዚምባብዌ ውስጥ ሾናዎች «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ትርጉሙ ከልክ በላይ ማሰብ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መጽሐፉ ውስጥ ቃሉን እንዳለ ከነስሙ አካትቶታል። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለው ዚምባብዌያዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ደግሞ አንዲት ታካሚው ለአውቶቡስ የሚሆን ገንዘብ አጥታ ሆስፒታል ሳትመጣ ራሷን ካጠፋች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በተባለ ሰፈር 14 አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ። አያቶቹ «ድብርት» አይሉም፤ «ኩፉንጊሲሳ አለብሽ ወይ?» ብለው በሰፈሩ ቃል ይጠይቃሉ። የሥራቸው የመጀመሪያ ክፍል «አእምሮን መክፈት» ይባላል፤ የሚያስጨንቀውን ሁሉ ታወጣዋለች። ቀጥሎ ከዝርዝሩ አንዱን ብቻ ትመርጣለች። ቀጥሎ ለዚያ ለአንዱ በዚህ ሳምንት የሚሠራ ትንሽ ነገር ይታሰባል። በ24 ክሊኒኮች 573 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም፣ ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት አሁንም የታየባቸው ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት መካከል 14 በመቶ ገደማ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት መካከል ግን ግማሽ ያህሉ ነበሩ።

እኛ ጋ ለድብርት የምንጠቀምበት መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ድካም፣ ሞትን ስለመመኘት ይጠይቃል፤ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ከዘጠኙ አንዱም «ሐሳብ ይበዛብሻል ወይ?» አይልም። ሰዉ ይዞት የሚመጣው ቃል ከቅጹ ላይ የለም። ስለዚህ ቅጹን ከማንሳቴ በፊት አሥረኛውን ጥያቄ እኔ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዘጠኙ በቀላሉ ይመለሳሉ።

አስቀድሞ የማዳመጡን መንገድ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልገንም። በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በሶንጎ፣ ጉዳይ ሲቀርብ «አፊኒ» ይባላል፤ «ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ መስማት ይቀድማል፤ ባለጉዳዩ ሳይደመጥ ፍርድ የለም። ሥርዓቱ የተሠራው ለግጭት እንጂ ለሕክምና እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ሐሳብ የበዛበት ሰው የሚያጣው ይህንኑ ነው። በአማርኛ «ሆድ ይፍጀው» የሚል አነጋገር አለን፤ ነገርን በሆድ መያዝ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። በቡና ላይ ተሰብስበን እንኳ የሰውን ጉዳይ እንጨዋወታለን እንጂ የራሳችንን እናልፈዋለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረትም የኛው ነው፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ለዚያች የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጅ የማደርገው ይህን ይመስላል። ወረቀት እሰጣታለሁ፤ መጻፍ ካልፈለገች እኔ እጽፋለሁ። ሌሊት የሚመጣባትን በሙሉ ትነግረኛለች። ስንጨርስ ብዙ ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ነገር ነው የሚሆነው፤ ሌሊት መቶ የመሰላት። ከዚያ «ሱፐርቫይዘሩ ምን ማለቱ እንደሆነ ነገ ማንን መጠየቅ ትችያለሽ?» እላታለሁ። ለአባቷ ምን ያህል ልትልክ እንደምትችል ቁርጡን ትወስንና ደውላ ትነግረዋለች። የቀረው ሐሳብ ሌሊት ሲመጣ «ነገ ከሥራ መልስ፣ ለግማሽ ሰዓት» ተብሎ ይቀጠራል፤ በዚያ ሰዓት ሆነ ብላ ትቀመጥለታለች። አታስቢ አልተባለችም፤ የማሰቢያ ሰዓት ነው የተሰጣት። እሑድ ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር በፍቅር ሐይቅ ዳር እንድትሄድ እመክራለሁ፤ እግር ሲንቀሳቀስና ሰው አብሮ ሲያወራ የሌሊቱ አዙሪት ይላላል።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ሰው አለ። ልጇ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከወጣ በኋላ ስልኩ ዝም ያለባት እናት እኔ ፊት ስትቀመጥ፣ ወረቀትና ዝርዝር ማውጣት ነውር ይመስለኛል። የእሷ ሐሳብ ውሳኔ የሚያገኝ አይደለም። «እማማ፣ ስለ ልጅዎ ይንገሩኝ» እላለሁ፤ ምን ይወድ እንደነበር፣ ሲሄድ ምን ለብሶ እንደነበር ይነግሩኛል። ጎረቤት ብቻቸውን እንዳያሳድራቸው፣ የንስሐ አባታቸው ወይም የአጥቢያቸው ሰዎች እንዲጠይቋቸው አደርጋለሁ። እህል መቅመሳቸውን እከታተላለሁ። ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለኝ ብዬ አልዋሽም።

መቼ ወደ ጤና ተቋም ይመጣ? ሐሳቡ ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን ከያዘ፣ እንቅልፍና ምግብ ከቀነሰ፣ ሥራ ወይም ልጅ መንከባከብ ካቃተ፣ ድሮ ደስ የሚል ነገር ደስ ካላለ፣ ያን ጊዜ ሳይዘገይ መምጣት ነው። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከገባ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ነው፤ ቤተሰብም ብቻውን እንዳይተወው። ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰዉ የሚያውቀው አዲስ አበባ ያለውን አማኑኤል ሆስፒታልን ብቻ ነበር፤ «አማኑኤል ገባ» ማለትም እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። ዛሬ ሐዋሳ ላይ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም ሆነ በጤና ጣቢያ ደረጃ ይህ ሕክምና ይሰጣል። የመጣ ሁሉ መድኃኒት አይታዘዝለትም፤ ለብዙዎቹ ንግግሩና ክትትሉ ይበቃል። እንደ ፍሎክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ደግሞ ለውጡን ለማየት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት መታገስ አለበት፤ በአራተኛው ቀን «ምንም አላደረገልኝም» ብሎ የሚያቆም ብዙ ስለሆነ፣ ማዘዣውን ይዞ ከመውጣቱ በፊት አብሮት ለመጣው ሰውም ይህን እነግረዋለሁ።